ሲሊኮኑ ሲቀደድ ላያምም ይችላል

ታላቅ እህቴ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሲሊኮን ኢምፕላንት ካስገባች 7 ዓመት ሆናት። ወንድም ስለ እህቱ ጡት ማውራት በእኛ ቤት ነውር ነው። ባለፈው ወር ግን ጨክኜ «ለመሆኑ ተመርምሮ ያውቃል?» አልኳት። «አላመመኝም እኮ፣ ምን ብዬ ልሂድ?» አለችኝ።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በሥራዬ የምፈራው ስህተቱን ተናግሮ የሚቆመውን ፕሮግራም ሳይሆን ዝም ብሎ የሚበላሸውን ነው። የሲሊኮን ኢምፕላንትም እንደዚያ ነው። በጨው ውሃ የተሞላው ዓይነት ሲቀደድ ጡቱ ስለሚሟሽሽ ቶሎ ይታወቃል። ሲሊኮኑ ግን ወፍራም ነው፤ ሰውነት በዙሪያው የሠራው ጠባሳ ይዞ ስለሚያቆየው ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ሕመምም ሳይኖር ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ለዚህም ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ምክሩን ያሻሻለው። የሲሊኮን ኢምፕላንት ያላት ሴት ምንም ምልክት ባይኖራትም ከቀዶ ሕክምናው ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ትታይ ይላል። ቀድሞ ይመከር የነበረው ኤምአርአይ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ደህና ኢምፕላንት በስክሪኑ ላይ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሽፋኑ ተቀድዶ ወደ ውስጥ ከታጠፈ እንደ መሰላል የተደረደሩ መስመሮች ይመጣሉ። ሲሊኮኑ ወደ ጡት ሥጋ ወይም ወደ ብብት ንፍፊት ካመለጠ ደግሞ የበረዶ ውሽንፍር የመሰለ ነጭ ጭጋግ ይታያል። ከዓመታት በኋላ በኢምፕላንቱ ዙሪያ ፈሳሽ ከተጠራቀመም በዚሁ መሣሪያ እየታየ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል፤ በተለይ ገጹ ሻካራ ከሆነ ኢምፕላንት ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ የማያጋጥም የሊምፎማ ካንሰር ስላለ ነው።

እርግጥ ውጤቱ በመርማሪው እጅ ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው። የኢምፕላንቱን የኋላ ክፍል ማየትም ይከብዳል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ ይታዘዛል። የካንሰር ምርመራንም አይተካም።

ብዙዎቻችን አንድ አገር ታክመን ሌላ አገር እንኖራለን። የኢምፕላንቱ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ከጠፋ፣ ቀጣዩ ሐኪም ምን እንደገባ እንኳ በቀላሉ አያውቅም። ስለ ነውርም ስንል ዝም ካልን ማንም አያስታውሰንም።

እህቴ ካርዷን ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጣው ኖሯል። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።