እሳቱን በእጅ የሚያስተካክል ሹፌር

ዛሬ መኪና ጋራዥ ሲገባ ስካነር እንሰካለን፤ ኮዱን እናነባለን፤ ኮፈኑ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ እኔም የምሠራው እንዲሁ ነው። ግን በዚህ ብቻ የሠለጠነ ወጣት መካኒክ ሞተር ምን እንደሚፈልግ ከራሱ ከሞተሩ ሳይሰማ ይቀራል። ለዚህ ነው ለንደን ላሉ ተለማማጆቼ ሁሉ ከለንደን ወደ ብራይተን የሚደረገውን የጥንት መኪኖች ጉዞ ሂዱና እዩ የምላቸው።

ጉዞው በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ስትወጣ ከሃይድ ፓርክ ይነሳል። ርቀቱ 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚገቡት ከ1905 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ መኪኖች ብቻ ስለሆኑ፣ ሁሉም ለዐፄ ምኒልክ ከመጣችው መኪና ይቀድማሉ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1896 እ.ኤ.አ. ድረስ መኪና ሲሄድ ሰው በእግሩ ከፊት መቅደም ነበረበት። አዲስ ሕግ ይህን ሽሮ ፍጥነቱን በሰዓት እስከ 14 ማይል ሲፈቅድ፣ ባለመኪኖች ኖቬምበር 14 ቀን ተሰብስበው ወደ ብራይተን ነዱ። የዛሬው ጉዞ የዚያ መታሰቢያ ነው፤ እሽቅድድም አይደለም።

እኔን የሚይዘኝ የሞተሩ አነሳስ ነው። ሹፌሩ ማኒቬላውን፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን ማስነሻ፣ ከመጨበጡ በፊት ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የእሳቱን ጊዜ መቆጣጠሪያ ወደኋላ ይመልሳል። እሳቱ ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ወደኋላ ይመታል፤ እጅ ይሰብራል። ስለዚህ አውራ ጣቱን በማኒቬላው ላይ አይጠመጥምም፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያሳርፈዋል። ማኒቬላውን ወደ ላይ አንዴ ይስበዋል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ድምፁን እየሰማ እሳቱን ቀስ በቀስ ያስቀድማል። በዛሬ መኪና ኮምፒውተሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚሠራውን ይህ ሰው በጆሮውና በእጁ ይሠራዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ዘይቱ በትንሽ መስታወት ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል፤ ዳገት ሲመጣ ሹፌሩ ጠብታውን ይጨምራል። ዘይቱ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ተመልሶ አይዞርም።

ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን እግር ብቻ ነው። ዳገቱ ሲከብድ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል።

እነዚህ መኪኖች ውድ ናቸውና ሙዚየም ይቀመጡ የሚሉ አሉ። አልስማማም። የቆመ ሞተር ይዝጋል፣ የፍሪሲዮኑ ቆዳ ይደርቃል። ከሁሉ በላይ ማስነሳትና ማስተካከል የሚያውቀው ሰው ሙያውን የሚያስተላልፍበት አጋጣሚ ያጣል። ሙዚየም ቅርጹን ያቆያል፤ አሠራሩን የሚያቆየው ግን መንገድ ነው።

መንገድ ዳር ቆሞ ማየት አይከፈልበትም። ሙያ የሚማር ልጅ ካላችሁ ብራይተን ላይ አትጠብቁ፤ በጠዋት ሃይድ ፓርክ ውሰዱት፣ ሞተሮቹ ሲነሱ ይይ።