መኪናችን የጎደላት ጉልበት ነው ወይስ እንክብካቤ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአምልኮ መልስ ቡና አፍልቼ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ሳለ እንግዶች መጡብን። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ባልና ሚስት ነበሩ። መምጣታቸውን ያወቅነው በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት በመኪናቸው ድምፅ ነው። ትንሿ ቪትዝ እንደ ከባድ መኪና እያጓራች ስትደርስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

ቡናው ከተቀዳ በኋላ ሚስትየው አንገቷን ደፍታ፣ “እትዬ፣ የመጣነው በትንሽ ነገር ነው፤ ያጣላን መኪና ነው” አለችኝ። ነገሩ ግን ትንሽ አልነበረም።

ባልየው በየቀኑ ከአያት እስከ ሜክሲኮ ይመላለሳል። መኪናዋ አቀበት ላይ ትደክምበታለች። ጓደኞቹም “ትንሽ ነገር ብትጨምርባት እኮ ትበር ነበር” ይሉታል። ዕቁቡ ሲደርሰው ታዲያ ለሚስቱ ሳይነግር ባለ 16 ኢንች ሰፊ ቸርኬና ጎማ ገዛ። መኪናዋ ዝቅ እንድትል ሞላዎቹን አስቆረጠ፣ ማርሚታውን በሚጮህ ማርሚታ ለወጠ፣ የአየር ፊልትሮውንም ከነሳጥኑ አስወጥቶ ክፍት ፊልትሮ አስገጠመ።

“ዕቁቡ መድረሱን የሰማሁት ከእሱ አፍ ሳይሆን ከማርሚታው ነው” አለች እንባዋ እየመጣ። “ያስተኛኋት ልጄ ደንግጣ ስትነሣ ነው ያወቅሁት። ያ ገንዘብ እኮ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ነበር።”

እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ፈረድኩበት። “ይህማ የልጅ ነገር ነው” ልል አፌን ስከፍት ግን ቀደመኝ። “እትዬ፣ እኔ በሽቦና በቆርኪ መኪና እየሠራሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን የራሴን መኪና ማሳመር ሕልሜ ነበር። ብነግራት እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ” አለ። እኔም ዝም አልኩ። ልስቅበት ከነበሩት አንዷ እኔ ነበርኩና።

ባለቤቴ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። “ስለ ቤታችሁ አብረን እንነጋገራለን፤ ስለ መኪናው ግን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ” ብሎ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመካኒክነት የሠሩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን አባት ጠራ። ዛሬ የማካፍላችሁ በዚያን ቀንና ከዚያ ወዲህ ከእርሳቸው የተማርኩትን፣ እኔም በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

መኪናዋ ለምን ደከመች?

“ልጄ፣ መኪናህ የምትደክመው ስለ ታመመች ብቻ አይደለም፤ ከፍታ ላይ ስለምትኖርም ነው” ብለው ጀመሩ።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር ደባልቆ በማቃጠል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯም ስስ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያስገባው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ 70 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ላይ ይህ ወደ 55 ገደማ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ እንጦጦ አናት ስትወጣ ደግሞ ይብስባታል። ተርቦ ያላቸው መኪኖች አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ጉዳቱ ይቀልላቸዋል።

ብዙዎቻችን “መኪናዬ ምን ሆነች?” ብለን ገንዘብ የምናፈስሰው ከአየሩ ጋር እየታገልን መሆኑን ሳናውቅ ነው። የከተማውን አየር የሚያወፍር ማርሚታ ደግሞ የለም።

የሚጨመሩት ዕቃዎች ምን ይሰጣሉ?

አባታችን ኮፈኑን ከፍተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያሳዩ አስረዱን።

ክፍት የአየር ፊልትሮ፦ ድምፁ ጉልበት የጨመረ ያስመስላል። ነገር ግን ፋብሪካው የሠራው ሳጥን ቀዝቃዛ አየር ከፊት በኩል እንዲገባ ያደርግ ነበር። ሳጥኑ ሲወጣ ሞተሩ የሚስበው ኮፈን ውስጥ የሞቀውን አየር ነው፤ የሞቀ አየር ደግሞ የባሰውን ስስ ነው። አንዳንዱ ክፍት ፊልትሮ አቧራም ያሳልፋል፤ በአቧራማ መንገድ ይህ የሞተርን ዕድሜ ያሳጥራል።

የሚጮህ ማርሚታ፦ በትንሽ ሞተር ላይ ቢበዛ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ይጨምር ይሆናል። እርሱም ሞተሩ በጣም ሲጮህ ነው እንጂ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሰልፍ ስንጎተት አይደለም። ጩኸቱ ግን ሁልጊዜ አለ፤ ሕፃን ላስተኛች እናትም፣ ለጎረቤትም።

ሰፊ ቸርኬ፦ ይህን በቁጥር እንየው። የዚያች ቪትዝ የፋብሪካ ጎማ 175/65 ባለ 14 ነበር። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 ማለት የጎማው ጉንጭ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጉንጩ ወደ 114 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱ ጎማ 195/45 ባለ 16 ነው፤ ጉንጩ 88 ሚሊ ሜትር ብቻ። በጉድጓድና በቸርኬ መካከል ያለው ትራስ 26 ሚሊ ሜትር ቀነሰ ማለት ነው። በክረምት ውኃ የሞላበትን ጉድጓድ ማን ያየዋል? ወጣቶቹ እኛ ዘንድ በመጡበት ጊዜ አንዱ ቸርኬ ጉድጓድ ገብቶ ተጣምሞ ነበር። ከዚህም በላይ ትልቅ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው። ከባድ ነገርን ከቆመበት ለማሽከርከር ጉልበትና ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ጉልበት ፈልገን የገዛነው ዕቃ ያለንን ይወስድብናል።

የተቆረጠ ሞላ፦ አባታችን ፊታቸው የጠቆረው እዚህ ላይ ነው። የተቆረጠ ሞላ ቦታው ላይ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል፤ ሾኩም ካልተሠራለት ቁመት ላይ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። መኪናዋ በየጉብታው ሆዷን ትመታለች። ጎማው ከመሬት ጋር በደንብ ካልተያያዘ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታመኑም። “ይህን ዛሬውኑ መልሱት” አሉ።

ጉልበት ጨማሪና ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች፦ መኪናው ውስጥ ይሰኩና “ነዳጅ በግማሽ ይቀንሳል” ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ጥቅም የሰጡት በጣም ጥቂቶች መሆናቸውን አስታውቋል፤ የእነዚያም ጥቅም ትንሽ ነበር። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እየተነሣ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ጆሯችንን ቢስብ አይገርምም። ግን እንጠንቀቅ።

ገንዘቡ መሄድ የነበረበት ቦታ

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ከልቤ አይጠፋም። አባታችን ጎማውን አስፈትተው ፍሬኑን አዩ። የፊቱ የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ሊነካ ደርሷል። ካንዴላዎቹ አርጅተዋል፤ የፍሬኑም ዘይት ጠቁሯል። ባልየውን ትከሻውን ይዘው፣ “ልጄ፣ መኪናህን አለበስካት እንጂ አላከምካትም” አሉት። ሚስትየው ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እርሱም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ስለዚህ ጉልበት ከመጨመራችን በፊት መኪናዋ ስትወለድ የነበራት ጉልበት አሁን አላት ወይ ብለን እንጠይቅ። ያረጀ ካንዴላ፣ የታፈነ ፊልትሮ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ይዞ የማይለቅ ፍሬን፣ አየር ያነሰው ጎማ፦ እያንዳንዳቸው ጉልበትና ነዳጅ ይሰርቃሉ። እነዚህን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥንድ ቸርኬ ያነሰ ያስወጣል፤ ልዩነቱም በየቀኑ ይታወቃል።

ማንም ሰው፣ እኛ እህቶችም ጭምር፣ ልናውቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የጎማ አየር፦ ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጎሚስታው በግምት እንዲሞላ አትተዉት። ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ማስለካት ይሻላል።

የጎማ ዕድሜ፦ በጎማው ጉንጭ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል። 2322 የሚል ካያችሁ በ2022 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል፤ “አዲስ ነው” ተብሎ የሚሸጥም ለዓመታት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይት፦ በጊዜ ብዛት እርጥበት ይመጥጣል። እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ፈልቶ ፍሬኑን ሊያሳጣ ይችላል። ብዙ መካኒኮች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ።

የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አንርሳ። እንግዲህ ለመሮጥ ከመክፈል በፊት ለመቆም መክፈል ይቀድማል።

ታዲያ ማሻሻል ሁሉ ከንቱ ነው?

አይደለም። ሥራ የሚጠይቀው ማሻሻል አለ። ጭነት ይዞ ወደ ገጠር የሚመላለስ ሰው ፒክአፑ ላይ ባሌስትራ ቢያጠናክር፣ ለጭቃ መንገድ የሚሆን ጎማ ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ ሾክ፣ ጥሩ የፍሬን ሸራ ለማንኛውም የዕለት መኪና ይጠቅማሉ። ተርቦ ባለው ሞተር ላይ ኮምፒውተሩን በባለሙያ ማስተካከል በእርግጥም ጉልበት ይጨምራል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የዚያን ጭማሪ ዕዳ ይከፍላሉ።

ለደስታ ብሎ መኪናውን የሚያሳምር ሰውም ኃጢአት ሠራ አልልም። እኔም ለሳሎኔ መጋረጃ ስመርጥ ስንት ቀን ፈጅቻለሁ! ግን ለደስታ የወጣን ገንዘብ “ለጉልበት ነው፣ ለቁጠባ ነው” ብለን ራሳችንን አናታልል። ስሙን አውጥተን ከትዳር ጓደኛችን ጋር እንስማማበት። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ለውጡን ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሞተር ማስቀየር ካሰባችሁም ቁጥሩ በሊብሬው ላይ እንደተመዘገበ አስታውሱ።

ሌላም ነገር አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ብዙ ቤተሰብ ያለችውን አሮጌ መኪና ለዓመታት ተንከባክቦ መያዝ ይኖርበታል። ይህች መኪና መሞከሪያ ሳትሆን አደራ ናት።

ከጋራዡ በፊት እቤት

ባልና ሚስት ሆይ፣ ለመኪናችሁ አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ መልሱ።

፩. መኪናዋ አሁን ጤነኛ ናት? ፍሬኗን፣ ጎማዋንና ሾኳን ያየው ማን ነው? መቼ?

፪. ይህ ዕቃ የሚያስፈልገን በየቀኑ በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው ወይስ ሰው ሲያየን?

፫. ገንዘቡ ቀድሞ ስም ነበረው? ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት?

፬. የትዳር ጓደኛዬ የሚወድደውን ነገር ሳልስቅበት ሰምቼው አውቃለሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ለሚስቶች ይከብዳል። ያች እህታችን ባሏ በሽቦ መኪና እየሠራ ማደጉን የሰማችው በዚያን ቀን እኛ ቤት ነው።

ወጣቶቹ የፋብሪካውን ሞላ፣ ማርሚታና ፊልትሮ አስመለሱ። ቸርኬዎቹን በኪሳራ ሸጠው ፍሬኑንና ካንዴላዎቹን አስቀየሩ። ለኪራዩ ከቤተሰብ ተበደሩና በወራት ከፈሉ፤ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ከደመወዙ ላይ ጥቂት ብር “የመኪና” ተብሎ በሁለቱም ስምምነት ይቀመጥ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት እርሱ ኮፈን ሲከፍት እርሷ ሕፃኗን አዝላ የጎማ አየር ትለካለች።

አንድ ጊዜ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሄዱ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ተመልሳ እንደነገረችኝ፣ ከተማዋ ሲገቡ መኪናዋ ቀልላ ስትሄድ ተሰማትና ደንግጣ፣ “አንተ፣ ደግሞ ምን አስገጠምክባት?” ብላ ጠየቀችው።

እርሱም ሳቀና፣ “አየር ነው፤ በነፃ” አላት።