ሻዩ ያለ ስኳር፣ ራቱ ግን ፓስታ በዳቦ

"ልጄ፣ ስኳር ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሻይ እንኳን መራራውን ነው የምጠጣው። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

እንዲህ ያሉኝ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ታካሚዬ ናቸው። ምግብ ሳይበሉ የተለካው ስኳራቸው 218 ነው። እግራቸውንም መደንዘዝ ጀምሯቸዋል።

"ጋሼ፣ ማታ ምን ይበላሉ?"

"ቀለል ያለ ነገር ነው። ሱቅ ስዘጋ እዚያው ፓስታ በስጎ እበላለሁ።"

"በምን?"

"በዳቦ ነዋ! በምን ሊበላ ኖሯል?"

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፓስታም ዳቦም ስለማይጣፍጡ "ስኳር የላቸውም" እንላለን። ሆድ ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱም ወደ ስኳር ይቀየራሉ። 80 ግራም ደረቅ ፓስታ 60 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ዳቦ ደግሞ 50 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው።

ፓስታን ከጣሊያኖች ነው የወረስነው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ "ገበያ" ማለት ነው፤ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ገበያ ስም ሆኖ ቀረ። ጣሊያን አገር ግን የአንድ ሰው ድርሻ ከ80 እስከ 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ነው። ስለዚህ 500 ግራሙ ፓኬት ከ5 እስከ 6 ሰው ይበቃል ማለት ነው። እስቲ እናንተ ቤት አንድ ፓኬት ለስንት ሰው ነው የሚቀቀለው?

ፓስታ አትብሉ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ካልፈረሰ ከነጭ ዳቦ ይልቅ ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው የሚጨምረው። እንዲህ አድርጉ፦

✅ ፓስታ ከበላችሁ ዳቦውን ወይም እንጀራውን ተዉት።
✅ ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር እያለ አውጡት። እስኪልም ከተቀቀለ ቶሎ ይፈጫል፤ ስኳርም ቶሎ ይጨምራል።
✅ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ምስር ወይም ሥጋ፣ ሩቡ ብቻ ፓስታ ይሁን።
✅ ስጎው ላይ ዘይት ቀንሱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው።
✅ ከራት በኋላ 15 ደቂቃ በእግራችሁ ሂዱ።

⚠️ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግባችሁን በአንዴ አትቀንሱ። ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ውሰዱ፤ ካልተሻላችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጋሼ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ፦ 139። መድኃኒታቸውንም ስላስተካከልን ዳቦው ብቻ ነው ማለት አልችልም። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። "አስተናጋጁ አሁንም ዳቦ ያመጣል" አሉኝ እየሳቁ፣ "እኔም እመልስለታለሁ።"

ስኳር ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!