የአንድ ስኒ ወዳጆች፤ ከጁባ ወደ ቡና አገር ስለ ተደረገ ጉዞ

ሰው ከሰው ጋር የሚወዳጅበት ምክንያት ብዙ ነው። ዝምድና ያወዳጃል፤ ንግድ ያወዳጃል፤ ጉርብትናም ያወዳጃል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ጣዕም መውደድ ብቻውን፣ ቋንቋና አገር፣ ሀብትና ማዕርግ የለያያቸውን ሰዎች በአንድነት ሊያስቀምጥ መቻሉ ሁልጊዜ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከሩቅ አገር እንጥቀስ። በኩባ ደሴት በሃቫና ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሲጋር ወዳጆች በዓል ሲደረግ ቈይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡት እንግዶች በአዳራሽ ተቀምጠው ማጨሱና መጫወቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ በቡድን ሆነው ወደ ፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ ይሄዳሉ። በዚያም ቩኤልታ አባሆ በሚባለው ዝነኛ የትንባሆ አገር ተክሉን በማሳው ላይ፣ ቅጠሉንም በማድረቂያው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ያያሉ። ባንክ የሚያስተዳድረውና በትንሽ ደመወዝ የሚኖረው ሰው በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አንዱ ያላየውን ሌላው እያሳየው ይውላሉ። ትንባሆ ለጤና ጎጂ መሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋልና እኛ ማጨስን ለማመስገን አልተነሣንም። ልብ እንድንለው የሚገባው ነገር፣ ሰዎቹ የሚወዱትን ነገር ከሱቅ ገዝተው መሄድ ሲቻላቸው፣ የበቀለበትን መሬትና የደከመበትን እጅ ለማየት መፈለጋቸው ነው።

ይህን የሚመስል ጉዞ በእኛም አካባቢ ተደርጓል። ጉዞው ግን ስለ ትንባሆ ሳይሆን ስለ ቡና ነበረ፤ የመነሻውም በር የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ነበረች።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። በ2005 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ፣ ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከሱዳን ብዙ ነጋዴዎች ገብተውባታል። ከእኛም ወገን ሆቴል የከፈተ፣ ምግብ ቤት ያቆመ፣ ዕቃ አስመጥቶ የሚያከፋፍል ሞልቷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚገናኝበትን ስፍራ የፈለገ ሰው ወደ ትልልቁ አዳራሽ መሄድ አያስፈልገውም። በኮኞ ኮኞ ገበያ አካባቢም ሆነ በመሥሪያ ቤቶች አጥር አጠገብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሴቶች ከሰል አቀጣጥለው ሻይና ቡና ያፈላሉ። በዙሪያቸውም የመንግሥት ጸሓፊው፣ ሾፌሩ፣ ወታደሩ፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱና ነጋዴው በዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንንሽ ብርጭቆ ይዘው ይታያሉ።

የትርጉም ሥራ የለመደ ሰው በእንዲህ ያለው ስፍራ ከሁሉ በፊት የሚያዳምጠው ቃልን ነው። ዐረቡ «ቡን» ሲል እኛ «ቡና» እንላለን፤ እርሱ «ዘንጀቢል» ሲል እኛ «ዝንጅብል» እንላለን። በሱዳን ሰው ዘንድ «ጀበና» ማለት ማፍያው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ቡናም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ቋንቋውን ገና ያልተማረ እንግዳ እንኳ «ጀበና» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ዝንጅብል የገባበት ትኩስ ቡና ይቀርብለታል፤ አጠገቡ ያለውም ሰው ከየት እንደ መጣ ይጠይቀዋል። ወዳጅነቱም ከዚያ ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ጉዞው እንመለስ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. ነበር። ዘጠኝ ወር ቈይቶ፣ በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም.፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የቡና ሰዎች በአዲሲቱ አገር ተሰበሰቡ። ጉዞውን ያሰናዳው የዓለም የቡና ምርምር ድርጅት ሲሆን፣ ተባባሪው በቦር ከተማ የሚገኘው የዶክተር ጆን ጋራንግ መታሰቢያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከተጓዦቹም መካከል የድርጅቱ መሪ ቲም ሺሊንግ፣ ለንደን ውስጥ ካለው የኪው የዕፀዋት ማእከል ዶክተር አሮን ዴቪስ፣ ከአሜሪካም የዴንቨር የዕፀዋት ማእከል ዶክተር ሳራዳ ክሪሽናን ይገኙ ነበር። ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር በቡና ንግድ የሚተዳደሩ ሰዎችም አብረው ነበሩ።

የሚሄዱበት አገር ቦማ ይባላል። ቦማ ከጁባ በስተ ምሥራቅ፣ በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ያለ ከፍተኛ አምባ ነው። አረቢካ የሚባለው ቡና ሰው ሳይተክለው በገዛ ራሱ በዱር የሚበቅልበት ስፍራ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሲሆን፣ ቦማም ከእርሱ ቀጥሎ ይቈጠራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን የወሰነው በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ የተፈረመው ውል ነው። ውሉ መሬቱን ለሁለት ከፈለ፤ የቡናው ዛፍ ግን ውል አላነበበምና በሁለቱም ወገን መብቀሉን ቀጠለ።

በቦማ የዱር ቡና መኖሩን ለሳይንስ ዓለም አጣርቶ የጻፈው ቶማስ የተባለው የእርሻ ሊቅ ነው። እርሱም በ1941 ዓ.ም.፣ በምሥራቅ አፍሪቃ ጦርነት ዓመት፣ ወደ አምባው ወጥቶ ደኑን ተመለከተ፤ ያየውንም በማግሥቱ ዓመት በእርሻ መጽሔት ላይ አሳተመ። ከዚያ በኋላ አገሩ በረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ተያዘ፣ የሊቃውንት እግር ከቦማ ራቀ። የ2012ቱ ተጓዦች ሰባ አንድ ዓመት ዘግይተው የቶማስን ጽሑፍ እንደ መሪ ይዘው ወጡ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። አንድን የቡና ዛፍ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሲመለከቱት አንድ ዓይነት ነገር አያዩም። የዕፀዋት ሊቁ ቅጠሉንና አበባውን ያያል፤ የዘር ተመራማሪው በውስጡ የተሰወረውን የትውልድ ሐረግ ያስባል፤ ነጋዴው ፍሬው በስኒ ውስጥ ምን ጣዕም እንደሚሰጥ ይገምታል፤ የአገሩ ተማሪ ደግሞ ይህ ሀብት ለወገኑ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ይመረምራል። በከተማ ቢገናኙ እያንዳንዱ የየራሱን ነገር ተናግሮ በተለያየ ነበር። በአንድ ዛፍ ሥር በቆሙ ጊዜ ግን የአንዱ ዕውቀት ያለ ሌላው ጎዶሎ ይሆናል። የአንድ ጣዕም ወዳጅነት ከጨዋታ አልፎ ወደ ሥራ የሚለወጠው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው።

ያገኙት ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ቶማስ በ1941 ዓ.ም. ካየው ጋር ሲያስተያዩት ደኑ እጅግ ተጐድቶ ነበር። የተረፉትም የቡና ዛፎች ጤንነታቸው የተዳከመ ሆኖ ተገኘ፤ በዕድሜ የገፉት ጠፍተዋል፤ አበባና ፍሬ የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ አዲስ ችግኝም ከመሬት ሲወጣ እምብዛም አይታይም። ሽማግሌዎቹ ሞተው ሕፃናት የማይወለዱበት መንደር ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የጥፋቱም ምክንያት የደን መመንጠርና የእርሻ መስፋፋት ከአየር ጠባይ መለወጥ ጋር ተደርቦ ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዶክተር ዴቪስ ከኢትዮጵያዊና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ነገሩን ለዓለም አሰማ። በጥናቱ ግምት መሠረት፣ የዱር አረቢካ አሁን ከሚገኝባቸው ተስማሚ ስፍራዎች እስከ 2080 ዓ.ም. ድረስ ቢያንስ ከመቶ 65 እጅ፣ ነገሩ ከከፋም ከመቶ 99.7 እጅ ሊጠፋ ይችላል። ስለ ቦማ ደግሞ በዐይናቸው ካዩት ተነሥተው፣ የዱር ቡናው እስከ 2020 ዓ.ም. ሊያልቅ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ከአምባው የመጣው ቡና በዘር ምርመራ ተመርምሮ፣ ከኢትዮጵያውና ከየመኑ የሚለይበት የራሱ መልክ እንዳለው በ2021 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ ተገለጠ። ስለዚህ ከቦማ የሚጠፋው ዛፍ በሌላ ስፍራ በሚገኝ ዛፍ የሚተካ አይደለም።

«ዱር ውስጥ ያለ፣ ገበያ የማይወጣ ቡና ቢጠፋ ነጋዴን ምን ይጐዳዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የቡናን ፍሬ ሳይበስል አጥቁሮ የሚጥለው በሽታ በ1922 ዓ.ም. በኬንያ ታይቶ፣ በ1971 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ የብዙ ገበሬ ምርትም ጠፋ። የኬንያ ሊቃውንት መድኃኒቱን የፈለጉት በመርጫ ብቻ አልነበረም፤ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፈለጉ። ካገኙትም አንዱ ሩሜ ሱዳን የሚባለው፣ ከቦማ አምባ የወጣው ቡና ነበር። በ1985 ዓ.ም. ለገበሬ የተሰጠው ሩይሩ 11 የተባለው ዝርያ ከወላጆቹ አንዱ ይኸው ሩሜ ነው። እንግዲህ ማንም የማይገዛው የዱር ዛፍ የአንድ አገር ገበሬዎችን እርሻ ለማዳን ረድቷል ማለት ነው።

ጣዕሙም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በተደረገው የዓለም የቡና አፍዮች ውድድር፣ የአውስትራሊያው ሳሻ ሴስቲች አንደኛ የወጣው በኮሎምቢያ በተመረተ የሱዳን ሩሜ ቡና ነበር። ሽልማቱ ወደ አውስትራሊያ፣ የቡናው ዋጋ ወደ ኮሎምቢያ ሲሄድ፣ ዘሩ የወጣበት የቦማ ሰው ግን ከዚህ ምን እንዳገኘ መጠየቅ ይገባል። የተጓዦች ወዳጅነት ፍጹም የሚሆነው የቡናው ባለ አገር ከማኅበሩ ውጭ ሳይቀር ሲገባበት ነው።

ደቡብ ሱዳን ራሷም በቡና ለመነገድ ሞክራ ነበር። ከጁባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በዬይ አካባቢ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅትና ነስፕሬሶ የተባለው የቡና ኩባንያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይረዷቸው ጀመር። ይህ ቡና ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ነው። በ2015 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለገበያ ሲቀርብ የተሰጠው ስም በካክዋ ቋንቋ «የደቡብ ሱዳን መጀመሪያ» ማለት ነበር። አብዛኛው ገቢዋ በነዳጅ ዘይት ላይ ለተመሠረተ አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በ2016 ዓ.ም. ወደ ዬይ ደረሰ፤ ገበሬውም ማሳውን ትቶ ተሰደደ፤ ንግዱም ቆመ። መጀመሪያ የተባለው ነገር ገና በመጀመሪያው ተቋረጠ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? በአስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚማሩት፣ ደን ማለት የማገዶ ክምር አለመሆኑን ነው። ኢትዮጵያ የካፋንና የያዩን የቡና ደን በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ጥብቅ ስፍራ አድርጋለች፤ በጅማ አካባቢ በጮጬም ልዩ ልዩ የቡና ዘር ተሰብስቦ በመሬት ላይ ተተክሎ ይጠበቃል። ከአንድ ደን የተወለደ ቡና በወሰን ወዲህና ወዲያ ስላለ፣ በጥበቃው ሥራ የሁለቱ አገሮች ሊቃውንት ቢመካከሩ ለሁለቱም የሚጠቅም እንጂ የሚጐዳ አይሆንም። ነጋዴዎችም የሚማሩት አለ። ለነገ ዘር የማያስቀር ንግድ ዋናውን ገንዘብ እንደሚበላ ነጋዴ ነው፤ ትርፉ ለጊዜው ያስደስታል፤ ሱቁ ግን ባዶ ይቀራል።

በቀይ ባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች ቡና እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን ወደ የመን የተሻገረው፣ ከሞካ ወደብም ስሙን ይዞ ወደ ዓለም የወጣው በዚሁ ባሕር ነው። ስለዚህ በቦማ የሚሆነውን እንደ ሩቅ ሰው ወሬ ልንሰማው አይገባንም።

በአገራችን ልማድ ቡና ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ባለቤቲቱን ያስቀይማል፤ በረከቱ ያለው በመጨረሻው ስኒ ነውና። ከጁባ ተነሥተው ወደ ቦማ የወጡት የቡና ወዳጆች ዛፉን አይተው፣ መታመሙንም ለዓለም ነግረው ተመልሰዋል። ይህ አቦሉ ነው። ዛፉን የሚጠብቅ፣ የዛፉንም ባለ አገር የሚያስታውስ ሥራ እስኪሠራ ድረስ ግን ከጀበናው ዙሪያ ማናችንም ልንነሣ አይገባንም።