የዓባይን ገደል ማን አሰፋው?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል፤ መጀመሪያ እየወረደ፣ ኋላ እየወጣ። አፋፉ ላይ ጤፍ የሚዘራበት ነፋሻ ደጋ ነው፤ ታች ሲደረስ በረሃ ነው። ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ ወንዙን ይፈልጋል፤ ወንዙ ግን ከዚያ ሁሉ ቁልቁለት በኋላ ሲያዩት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው፤ ዓባይን ከነዳርቻው ለመሻገር ይህ በቅቶታል። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ያለው ርቀት ግን ቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱም ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል።

«ገደሉን ዓባይ ቆረጠው» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ጎደሎ እውነት። ዓባይ የቆረጠው ወለሉን ነው። ያን ሁሉ ስፋት የከፈተው በዋናነት የመሬት ስበት ነው፤ የወንዙ ድርሻ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው።

ወንዝ ብቻውን ሲቆርጥ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ጢስ ዓባይ ይሂድ። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ወንዙ በጥቁር ድንጋይ መካከል ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ የቆመው እዚህ ነው። በዚያ ዘመን ዓባይን የሚያህል ወንዝ በኖራና በድንጋይ መሻገር የተቻለው ግንበኞቹ ስለተራቀቁ ብቻ አይደለም፤ ወንዙ ተጨናንቆ የሚያልፍበትን ቦታ አይተው ስለመረጡም ነው። በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይም አቀማመጡ ከዚህ አይርቅም። ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ይህ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ በሥነ ምድር አቆጣጠር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ወንዙም ገና ብዙ አልቆየበትም። ግድግዳዎቹ የቆሙት ለዚህ ነው።

ንጹሕ ውሃ ድንጋይ የመቁረጥ አቅሙ ትንሽ ነው። ወንዝ መጋዝ ከሆነ ጥርሱ የተሸከመው አሸዋና ጠጠር ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበት ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍጥነት ደግሞ ከሚገመተው በላይ ጉልበት ይሰጣል። በሥነ ምድር ትምህርት የቆየ አንድ ስሌት እንደሚለው የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ትልቁ ድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ያድጋል። በመጋቢት የማይነቃነቅ ቋጥኝ በነሐሴ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው። የወንዙ የዓመት ሥራ በአብዛኛው በክረምቱ ጥቂት ወራት ያልቃል፤ በበጋ ዓባይን አይቶ ገደሉን ለመረዳት የሚሞክር ሰው የተሳሳተውን ሠራተኛ እያየ ነው።

ወደ ጎሐ ጽዮን እንመለስ። መንገዱ የሚወርደው በንብርብር ድንጋይ ውስጥ ነው። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ባዛልት አለ። ከሥሩ ባሕር አገሩን በሸፈነበት ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ይከተላል፤ በሙገር ገደል ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቀጥሎ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከዚያም የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ይመጣል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ብርቱው በደካማው ላይ ተቀምጧል። ጀሶ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ ሸክላው ሲርስ ይለሰልሳል። ላዩ ላይ ያለው ባዛልት ደግሞ ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ ዝናቡን ወደ ውስጥ ያስገባል። ደካማው ሲሸሽ ብርቱው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከዚያም ይወርዳል።

ተዳፋት ላይ ያለ አፈርም ሆነ ድንጋይ ክብደቱ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ተዳፋቱ ይጫነዋል፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትተዋል። ጫናው ሰበቃን ይፈጥራል፣ ሰበቃው መሬቱን ባለበት ይይዘዋል። ዝናብ ሲሰርግ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። መሬቱ ይከብዳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውሃም በግፊቱ ይደግፋቸውና እርስ በርስ መጨቋቆናቸውን ያላላል። ጎታቹ ሲበረታ ያዡ ይደክማል። ውሃ አፈሩን «አሙለጨለጨው» የሚባለው አገላለጽ ይህን አያሟላም፤ ቁም ነገሩ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ነው። ቁልቁለትን ከናዳ ለማዳን አንዳንዴ ከግንብ ይልቅ ውስጡን የሚያጠነፍፍ ቱቦ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የዚህ ነገር ጭካኔ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ታየ። ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ቤቶችን ቀበረ፤ ጎረቤት ለማውጣት ተሯሩጦ በመጣው ሰው ላይ ሌላ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለተኛው ናዳ ተከትሎ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ሲወርድ ከበላዩ ያለውን መሬት ደጋፊ ያሳጣዋል፣ ፊቱን ቀጥ ያለ ያደርገዋል፣ ውስጡ የሰረገው ውሃ ደግሞ እዚያው ነው። ይህ በየቀበሌው ከክረምት በፊት መነገር ያለበት እውቀት ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚጻፍ ማብራሪያ ሆኖ መቅረት አልነበረበትም።

በዓባይ በረሃ ራሱ አስፋልቱ ክፍል ክፍሉ በቆየ ናዳ ክምር ላይ የተዘረጋ ነው። ክምሩ አሁንም ክረምት ሲመጣ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ መንገዱ የሚሰነጠቀውና የሚያብጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከጃፓኑ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በገደሉ ናዳ ላይ ጥናት ያካሄደውም መንገዱ እያስቸገረ ስለነበር ነው። ተሳፋሪው «ኮንትራክተሩ አበላሸው» እያለ ያማል፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናል፣ ግን ተራራው ራሱ እየተጓዘ መሆኑንም ቢያስታውስ አይከፋም።

ታዲያ የወንዙ ድርሻ የቱ ላይ ነው? ናዳ ወርዶ ግርጌ ላይ ቢከመር ገደሉ ይረጋጋ ነበር። ክምሩ ራሱ ለተዳፋቱ ድጋፍ ይሆነዋል፤ ቁልቁለቱ ይለዝባል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ወንዙ ግን በየክረምቱ ግርጌውን ይጠርጋል። ድጋፉን ሲወስድ ተዳፋቱ እንደገና ይቆማል፣ ስበትም እንደገና ሥራ ያገኛል። እኔ እንደሚገባኝ ዓባይ ለገደሉ ስፋት ያደረገው ትልቁ አስተዋጽኦ መቁረጡ ሳይሆን ማጋዙ ነው። ገባሮቹ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገርና ጉደርም ይህንኑ ይደግሙታል። አፋፍ ለአፋፍ ሆነው የሚተያዩ መንደሮች የቀን ሙሉ የእግር ጉዞ የሚለያያቸው፣ በመካከላቸውም አምባዎች ብቻቸውን ቆመው የቀሩት ከዚሁ የተነሳ ነው።

የዚህ ሥራ ትንሹ ቅጂ በእርሻ ማሳ ላይ ይታያል። በክረምት አንድ ጋት የነበረ ፈሰስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሬ የሚገባበት ቦረቦር ይሆናል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው በደብረ ማዊ ተፋሰስ ተመራማሪዎች ሲከታተሉት ያዩት ብዙውን ጊዜ ቦረቦሩ የሚከፋው በኮረብታው ላይ ሳይሆን ታች ዋልካው ውስጥ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ በሚቀርብበት ቦታ ነው። የራሰው ግድግዳ በገዛ ክብደቱ ይወድቃል፣ የወደቀውን ጎርፉ ይወስደዋል። በየበጋው በዘመቻ የሚሠራው እርከን መልካም ነው፤ ግን አብዛኛው ጉልበት ኮረብታ ላይ ሲውል ቦረቦሩ ታች ሆኖ መብላቱን ይቀጥላል። ውሃውን ሳያጠነፍፉ ክትር ብቻ መደርደርም ብዙ አይረዳም፤ ጎርፉ ዞሮ ክትሩን ከጎን ይበላዋል።

ስለ ማሳ ሲነሳ፣ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገምቶ ነበር። ብዙ ይመስላል፤ በመላው ሄክታር ላይ ሲዘረጋ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው። ገበሬው በዓይኑ የማያየው ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ድንጋይ ተሰባብሮ አፈር የሚሆነው ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው።

አፈሩ የሚሄድበት ይታወቃል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 ያጠናቀቀችው የሮሴሬስ ግድብ ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ትልቅ ድርሻ በደለል ተሞልቶበት ግድቡን በ10 ሜትር ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። አሁን ደግሞ ከበላዩ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የህዳሴው ግድብ አለ። ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲገባ ፍጥነቱ ይሞታል፤ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል፣ ደቃቁ ጭቃ እየዋለለ እስከ ግድቡ ይጓዛል። ያ የጠጠርና የአሸዋ ክምር በየዓመቱ ወደ ሐይቁ ውስጥ እያደገ ይሄዳል። ተራራው ላይ የሚሠራ እርከን የመብራት ኃይል ጉዳይ ጭምር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ደለሉን ጥሎ ከግድብ የሚወጣ ውሃ ደግሞ መሸከም የሚችለውን ያህል ሸክም የለውም። ስለዚህ ከታች ያለውን የወንዝ ወለልና ዳርቻ ይበላል። ደለል ሲቀር የሚሆነውን ግብጽ ከአስዋን በኋላ እስከ ባሕር ዳርቻዋ አይታዋለች። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ከኢትዮጵያ ደጋ ይወርድ የነበረው ደለል ሜዲትራኒያን መድረስ አቁሟል፤ በሮዜታ በኩል ሞገዱ የሚወስደውን የሚተካ አፈር ስለሌለ የዓባይ ደልታ ጫፍ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ግብጾችም ባሕሩን ለመከልከል የኮንክሪት አጥር ለመገንባት ተገደዋል።