መስታወት የሚለካው ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ለአሕመድ ዘወይል ሲሰጥ፣ ሸላሚዎቹ የምርምር ዘዴውን ከዓለም ፈጣኑ ካሜራ ጋር አመሳሰሉት። አባባሉ ለጋዜጣ ይመቻል። ሆኖም በአባይ ዴልታ በምትገኘው ደማንሁር ተወልዶ በአሜሪካ ካልቴክ በሠራው በዚህ ግብፃዊ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የሚፈጥን ካሜራ አልነበረም። ብልሃቱ ሌላ ቦታ ነው።

ችግሩ የጊዜው ማጠር ነው። አንድ ሞለኪውል ሲፈርስ አቶሞቹ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈተለካሉ፤ የሚሄዱት ርቀት ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ የሚያልቀው በፌምቶ ሰከንዶች ውስጥ ነው። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ከአንድ ሰከንድ አንጻር ሲታይ፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመት አንጻር የሚሆነውን ያህል ነው። እንግሊዛውያኑ ሮናልድ ኖሪሽና ጆርጅ ፖርተር በ1940ዎቹ መጨረሻ ጋዝን በብርሃን ብልጭታ እየሰባበሩ ማጥናት ሲጀምሩ፣ ብልጭታቸው የሚለካው በሰከንድ ሺህኛ ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ በ1967 ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። የሚያዩት ግን የፈረሰውን እንጂ መፍረሱን አልነበረም።

በ1980ዎቹ የሌዘር ምት ከመቶ ፌምቶ ሰከንድ በታች ሲወርድ መንገድ ተከፈተ። ከአንድ ምንጭ የተገኘው ብርሃን ሁለት ምት ይሆናል። የመጀመሪያው ሞለኪውሉን ይመታል፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛው በሌላ ቀለም፣ ጥቂት ዘግይቶ ይደርስና ስብርባሪውን ያበራዋል። የሚዘገየው እንዴት ነው? በመስታወት። ብርሃን በአንድ ፌምቶ ሰከንድ የሚሄደው 0.3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። መስታወቱን በአንድ ማይክሮ ሜትር ወደ ኋላ ቢያሸሹት፣ የብርሃኑ ደርሶ መልስ መንገድ በሁለት ማይክሮ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም ወደ 7 ፌምቶ ሰከንድ ነው። ማንም ሊቆጥረው የማይችል ጊዜ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚለካ ርቀት ሆነ ማለት ነው። ብርሃን ተቀባዩ መሣሪያ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድ የለም፤ የሚጠበቅበት ምን ያህል ብርሃን እንደወጣ መናገር ብቻ ነው። መስታወቱን ጥቂት ያንቀሳቅሳሉ፣ ይመታሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ደግመው ያንቀሳቅሳሉ።

ለሙከራው ጋዝ የተመረጠውም በምክንያት ነው። በፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውል በጎረቤቶቹ ይገፋል፤ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ግን ፈርሶ እስኪጨርስ ከማንም ጋር አይጋጭም።

ዘወይልና ባልደረቦቹ በ1987 ሳያኖጅን አዮዳይድን መትተው፣ አዮዲኑ ከካርቦንና ናይትሮጅን ጥንድ ለመላቀቅ 200 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅበት አሳዩ። በእኔ ግምት ግን የሥራው ዕንቁ በዓመቱ የወጣው የሶዲየም አዮዳይድ ሙከራ ነው። ይህ ጨው ወደ እንፋሎት ሲቀየር ሶዲየሙና አዮዲኑ በኤሌክትሪክ ሙል ተሳስበው ይኖራሉ። የሌዘሩ ምት መሳሳቡን ያስቀርና ሁለቱ እንደ ተራ አቶም መራራቅ ይጀምራሉ። ርቀታቸው 0.7 ናኖ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን አንድ ኤሌክትሮን ከሶዲየሙ ወደ አዮዲኑ ሊዘል ይችላል። ከዘለለ መሳሳቡ ይመለሳል፤ አቶሞቹም ገመዱ እንዳለቀበት ጥጃ ወደ ኋላ ይጎተታሉ። እንዲህ እየራቁና እየቀረቡ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከአሥሩ አንዱ ያህል ያመልጣል። የአንዱ ዙር ርዝመት ከ1,000 ፌምቶ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል።

የሚገርመው ይህ ውዝዋዜ በመዝገቡ ላይ ጥርት ብሎ መታየቱ ነው። ምቱ የሚያገኘው አንድ ሞለኪውል ሳይሆን እጅግ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ቢጀምር ኖሮ ሁሉም ተደበላልቆ አንድ ጠፍጣፋ መስመር በቀረ ነበር። ምቱ አጭር ስለሆነ ሁሉንም እኩል አስነሣቸው፤ ሚሊዮኖቹ ለአሥር ዙር ያህል ርምጃቸው ሳይዛነፍ አብረው ሄዱ።

ዘዴው ድክመት አለው። ስብርባሪው የሚታወቀው በሚውጠው ቀለም ነው፤ ሞለኪውሉ ሲተልቅ የትኛው ቀለም የትኛውን ቅርጽ እንደሚያመለክት መለየት ያስቸግራል። ዘወይል በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በሁለተኛው የብርሃን ምት ቦታ የኤሌክትሮን ምት ሲሠራበት የቆየው ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሮኖች ሲበተኑ የአቶሞቹን አቀማመጥ በቀጥታ ያሳያሉ። ግን እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ምታቸው በጉዞ ላይ ይለጠጣል፤ እንዳይለጠጥ በአንድ ጊዜ ጥቂቶችን ብቻ ልኮ ሙከራውን ደጋግሞ መሥራት ግድ ይላል።