የስኳር ህመም ያለበት ሰው ፓስታ መብላት ይችላል? ከቀላል የፓስታ በቲማቲምና በአይብ አሠራር ጋር

«ዶክተር፣ ከእንግዲህ ፓስታ ቀረብኝ ማለት ነው?» የስኳር ህመም እንዳለባቸው በቅርቡ ያወቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። መልሱ አልቀረብዎትም ነው። ወሳኙ መጠኑ፣ አቀቃቀሉና አብሮት የሚቀርበው ምግብ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኢንሱሊን ከተወጉ በኋላ «ዛሬ ፓስታ ነው» ብለው ምሳ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ሲሆን ስኳር በድንገት ይወርዳል፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ አልፎም ራስን መሳት ያስከትላል።

ምን ያህል ልብላ?

100 ግራም ደረቅ ፓስታ 75 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የ500 ግራሙን እሽግ ለስምንት ሰው ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው 45 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፤ ለብዙ አዋቂዎች ለአንድ ማዕድ በቂ ነው። ፓስታን በዳቦ ወይም በእንጀራ መብላት ግን ካርቦሃይድሬትን በካርቦሃይድሬት ላይ መደረብ ነው።

ለ4 ሰው የሚያስፈልጉ

• 250 ግራም ፓስታ (የእሽጉ ግማሽ)
• 6 መካከለኛ የበሰሉ ቲማቲሞች
• 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
• 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• 1 ብርጭቆ ትኩስ አይብ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት
• 1 እስር ቆስጣ
• በሶብላ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው

አሠራር

1. ሽንኩርቱን በዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ይጨምሩ።
2. የተከተፈውን ቲማቲም ጨምረው 15 ደቂቃ ያብስሉ። ድልህ አያስፈልግም።
3. ቆስጣውን፣ በሶብላውንና ጨውን ይጨምሩ።
4. ፓስታውን ያለ ጨው ቀቅለው ሲነከስ ጠንከር እንዳለ ያውጡት። በጣም ሲቀቀል ቶሎ ስለሚፈጭ ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ከተቀቀለበት ውሃ ግማሽ የቡና ስኒ ያስቀሩ።
5. አይቡን በወተቱ እስኪልም በሹካ ይደፍጥጡት። ካስቀሩት ውሃ ጋር ስጎው ላይ ጨምረው ያፍሉት፤ ከዚያ ከፓስታው ጋር ያዋህዱት።

አይቡ ፕሮቲን ይጨምራል፣ ቆስጣው ደግሞ አሰር። ሁለቱም ቶሎ ያጠግባሉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

• የደም ግፊት ካለብዎት፦ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። የሾርባ ኩብ አይጨምሩ፤ ብዙ ጨው አለው።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፦ ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ ለፅንሱ አደገኛ የሆነውን ሊስቴሪያን ሊይዝ ይችላል። ስጎው ውስጥ በደንብ ሳይፈላ አይብሉት።
• የኩላሊት ህመም ካለብዎት፦ ቲማቲምና ቆስጣ ፖታሲየም አላቸው። ፖታሲየም እንዲቀንሱ ከተነገርዎት አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።
• የሚፆሙ ከሆነ፦ በአይቡ ፈንታ የተቀቀለ ምስር ይጠቀሙ።

የስኳር መለኪያ ካለዎት ከምግብ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ለክተው ይመዝግቡ። ያ ማስታወሻ የእርስዎ ሰውነት ምን ያህል ፓስታ እንደሚችል ይነግረናል፤ በቀጠሮዎ ቀን ይዘውት ይምጡ። የኢንሱሊን መጠንዎን ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይቀይሩ።